ውስጡን ለቄስ

«ውስጡን ለቄስ» የምትለዋ አባባላችን ከቤት ቀለምና ከሠርግ ልብስ አልፋ ኮምፒውተር ውስጥ ገብታለች። አጋነንክ የሚለኝ ካለ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር ከሚገጣጠምባቸው ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ይበል። ባለመስታወቱ ኬዝ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያበራ የልደት ኬክ መስሎ ተቀምጧል። ገዢው ወጣት መብራቱን እያየ ፈገግ ይላል። ሻጩም ገዢውን እያየ ፈገግ ይላል።

መብራቱን አልቃወምም። ወጣት ነው፣ ያብራ! እኔን የሚገርመኝ ወጋቸው ነው።

«ፕሮሰሰሩ ምንድነው?»

«ኮር አይ ሰቨን!»

በቃ፣ አለቀ። ስንተኛ ትውልድ ነው ብሎ ነገር የለም። ይሄ ስም እኮ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ያለ ነው። በ2013 የወጣው አራተኛ ትውልድ አይ ሰቨን 4770፣ በ2022 በወጣው በታናሹ በአይ ስሪ 12100 ይበለጣል። እኛ ግን ዘር ቆጥረን ልጅ እንደምንድር ሁሉ፣ የቤተሰቡን ስም ሰምተን የልጁን ጉልበት ሳንጠይቅ እንፈርማለን።

ግራፊክስ ካርዱም ያው ነው። «4 ጂቢ» ከተባለ ሌላ ጥያቄ የለም። ባለ 4 ጂቢ ጂቲ 730 አለ፤ ባለ 4 ጂቢ ጂቲኤክስ 1650ም አለ። በጂቢ እኩል ናቸው፤ ሥራ ላይ ግን አይገናኙም። ጂቢው የጎተራውን ስፋት እንጂ የበሬውን ጉልበት አይናገርማ!

የሁሉም ምስኪን ፓወር ሰፕላይ ነው። አያበራ፣ ስሙ አይጠራ፣ ለጓደኛ አይታይ! ስለዚህ ብር ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው። መብራት ሄዶ በጉልበት ሲመለስ ግን መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው፤ ርካሹ ደግሞ ሲሞት ብቻውን አይሞትም፣ ማዘርቦርዱንም ካርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ነገሩ የቅንጦት ቢሆን «ይመቻቸው» ብዬ ባለፍኩት። ግን ብዙው ወጣት ቀን የሠርግ ካርድና ባነር እየሠራበት፣ ማታ ጌም ሊጫወትበት በእቁብ ብር የሚያስገጣጥመው ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አንዴ ተቃጠለ ማለት እንጀራ ተቃጠለ ማለት ነው።

ሻጩን ብቻ አልወቅስም። «ለእኔ ተወው ወንድሜ» ሲባል ዝም የሚለው ገዢ ነው። ለምን? አያውቅም እንዳይባል! እኛ ዘንድ መጠየቅ ያሳፍራል፣ መታለል ግን አያሳፍርም። ሐኪም ቤትም፣ ጋራዥም፣ ኮምፒውተር ሱቅም ይኸው ነን።

እንግዲህ የሚጀመረው ከዕቃው ሳይሆን ከሥራው ነው። ፎቶሾፕ ይበልጡን ፕሮሰሰርና ራም ይፈልጋል፤ ብሌንደርና ጌም ደግሞ ግራፊክስ ካርድ። ዲዛይነር ከሆነ የሞኒተሩ ቀለም ትክክል መሆን አለበት፤ አለዚያ ስክሪን ላይ ቀይ ያለው ባነሩ ላይ ሌላ ሆኖ ደንበኛው ይጮኻል። ዕቃዎቹም እንደ ባልና ሚስት መስማማት አለባቸው፤ የኤኤምዲ ኤኤም 5 ማዘርቦርድ ዲዲአር 5 እንጂ ዲዲአር 4 ራም አይቀበልም። አንድ ባለ 16 ጂቢ ራም ከመሰካትም ሁለት ባለ 8 መሰካት ይሻላል። የእያንዳንዱ ዕቃ ሙሉ ስምና ቁጥር ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ ሻጩ ከተቆጣ መልሱን አግኝታችኋል፣ ወደሚቀጥለው ሱቅ!

መብራቱስ? ብር ከተረፈ ይገዛ፤ ማን ከለከለ! ውስጡን ለቄስ የተወ ግን አንድ ነገር ይወቅ፦ የተቃጠለ ማዘርቦርድ በጸበል አይድንም።