መቅሠፍትና ምክንያት፦ የመጪው ዘመን የጥፋት ልብ ወለድ ከአቦከር ሲታይ

ከአንባቢው ዕድሜ ብዙ ያልራቀ ዘመን መርጠው፣ ወንዝ የነጠፈበትን ወይም ደዌ የሠለጠነበትን ወይም የመንግሥት ዐይን እስከ ጓዳ የገባበትን ዓለም፣ በሳይንስ ሚዛን ተመዝኖ ሐሰት በማይባል መንገድ የሚሥሉ ልብ አንጠልጣይ ድርሰቶች በዘመናችን ያገኙት ተወዳጅነት፣ ለሥነ ጽሑፍ መርማሪ ያለ ሐተታ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ሰው የገዛ ጥፋቱን ታሪክ በገንዘቡ ገዝቶ፣ እንቅልፉን ትቶ እስከ ንጋት የሚያነበው ስለ ምንድን ነው? ብዙዎች ሐያስያን መልሱን ከፍርሃት ዘንድ ይፈልጉታል፤ አደጋን ከሩቅ ኾኖ መመልከት ለነፍስ የተሰወረ ደስታ ይሰጣል ይላሉ። ይህ መልስ ሐሰት ባይኾንም ጎደሎ ነው፤ ፍርሃት ብቻ ቢኾን የጅንና የጭራቅ ተረት በበቃን ነበርና። እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ድርሰት ኀይል ያለው፣ መከራው ከየት ተነሥቶ፣ በማን እጅ አልፎ፣ በየትኛው ቀን ሊመለስ ሲችል ሳይመለስ እንደ ቀረ በመቍጠሩ ላይ ነው። ይህንን አስተያየት ለመፈተን ሐረር ተስማሚ ከተማ ናት፤ በጀጎል ቅጥርና በአቦከር ሰፈር የሚኖረው አንባቢ፣ ሌላው ዓለም በልብ ወለድ የሚያነበውን የውሃ መጥፋት በገዛ ቧንቧው አይቶታልና።

መጪውን መከራ አስቀድሞ መናገር ለሀገራችን እንግዳ ሥርዐት አይደለም። ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው መጽሐፍ፣ ራብና ጦርነት፣ የፍርድም መጓደል ከተፈራረቁ በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ተነሥቶ ሰላምን እንደሚመልስ ይናገራል፤ የቋራው ካሣም በ1847 ዓ.ም. በነገሠ ጊዜ የመንግሥቱን ስም ከዚሁ ተስፋ ወስዷል። በሐረር ደግሞ በዐሹራ ሌሊት ለጅቦች በቅቤ የራሰ ገንፎ ይቀርባል፤ ጅቡ ከግማሽ በላይ ከበላው ዘመኑ የጥጋብ፣ ንቆት ካለፈ ግን የራብና የደዌ እንደሚኾን ሽማግሌዎች ይተረጕማሉ። የካህኑም መጽሐፍ የሐረርም ሽማግሌ ምልክትን ይሰጣሉ፤ ምልክቱን የተቀበለው ሰው ድርሻ መጸለይ፣ መመጽወትና መጠበቅ ነው፤ መከራው ከላይ የሚወርድ መቅሠፍት ነውና በሰው እጅ የተሠራበትን መንገድ የሚመረምር የለም።

ዘመናዊው የአማርኛ ልብ ወለድ በበኩሉ መጪውን ዘመን በተስፋ ተቀብሎታል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም»፣ በፓሪስ ተምሮ የተመለሰው አወቀ የወገኖቹን ልማድ ለማሻሻል ሲደክም እናያለን። በዚያው ሰሞን፣ በ1932 እ.ኤ.አ.፣ እንግሊዛዊው አልዶስ ሃክስሌ ሰዎች በጠርሙስ ውስጥ አድገው፣ ገና ሳይወለዱ በማዕርግ የሚመደቡበትን መንግሥት የሚሥል ልብ ወለድ ጻፈ። ኅሩይ ዕውቀትን የተጠሙ ሕዝብ አፈ ጉባኤ ነበሩ፤ ሃክስሌ ግን ያው ዕውቀት በአንደኛው የዓለም ጦርነት መርዝ ጢስ ኾኖ ወጣቶችን ሲፈጅ ያየ ትውልድ ልጅ ነበር። እንግዲህ የጥፋት ልብ ወለድ የሚወለደው ዕውቀት በጠፋበት ሀገር ሳይኾን፣ ዕውቀት ገብቶ፣ ጥቅሙም ጠንቁም አብሮ በታየበት ሀገር ነው ማለት ይቻላል።

የዚህ ወገን ደራስያን ተአማኒነትን የሚያገኙበት ብልሃት ምን እንደ ኾነ ኹለት ሥራዎች ይመሰክራሉ። ማይክል ክራይተን በ1969 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ዘ አንድሮሜዳ ስትሬን»፣ ከጠፈር ከተመለሰች ሳተላይት ጋር የመጣ ተሐዋሲ አንድ መንደር ሲፈጅ የሚተርከውን ታሪክ እንደ መንግሥት ዘገባ በሠንጠረዥና በምርመራ ውጤት፣ በፍጻሜውም በመጻሕፍት ዝርዝር አስጊጦታል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣውና በኮሮና ዘመን እንደ ገና ብዙ ተመልካች ያገኘው «ኮንቴጅን» የተባለው ፊልም ደግሞ የወረርሽኙን የመጀመሪያ ቀን እስከ መጨረሻው ትዕይንት ያቈየዋል፤ በዚያም ዶዘር ዛፍ ሲጥል፣ ከዛፉ የተባረረችው የሌሊት ወፍ የበላችውን ሙዝ በዐሣማ በረት ላይ ስትጥል፣ ዐሣማውም ከወጥ ቤት ሲገባ፣ ወጥ ሠሪውም እጁን ሳይታጠብ እንግዳይቱን ሲጨብጥ እናያለን። የንስሓ አባት «በድያለሁ» የሚለውን ቃል በጅምላ ሳይቀበል፣ ምን፣ መቼ፣ ከማን ጋር እያለ እንደሚጠይቅ ኹሉ፣ ይህም ድርሰት ጥፋትን ከጅምላ ወደ ዝርዝር ያወርደዋል፤ የአንባቢው እርካታም የሚመነጨው ከዚህ ዝርዝር ነው፤ የተዘረዘረ ጥፋት ሊታረም የሚችል ጥፋት ነውና።

አኹን ወደ ሐረር እንመለስ። ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ፣ ከዐወዳይ የጫት ገበያ ባሻገር የሚገኘው የሐረማያ ሐይቅ ለብዙ ዓመታት የከተማዋ የመጠጥ ውሃ ምንጭ ነበረ፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ግን ደረቀ። ምክንያቶቹ ሲቈጠሩ አንዱም ለብቻው ሐይቅ የሚገድል አይመስልም፦ ገበሬው ጫቱንና አትክልቱን ለማጠጣት በሞተር ይስባል፤ ከተሞች ለመጠጥ ይስባሉ፤ ዛፉ ካለቀበት ተዳፋት ጐርፍ ያጠበው ደለል ወለሉን ይሞላዋል፤ ውሃው በሳሳ መጠንም ፀሐይ የምታተነው ድርሻ እየበዛ ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ ሐረር ውሃዋን፣ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የድሬዳዋ ቈላ፣ ከድሬ ጃራ ጕድጓዶች፣ ወደ 1,900 ሜትር እስከሚጠጋው ሰፈሯ ድረስ ዳገት ለዳገት በፓምፕ እያስወጣች ለመኖር ተገደደች። ከኹሉ ይልቅ የሚያስደንቀው፣ ይህ ኹሉ የኾነው በ1940ዎቹ ዓ.ም. በተመሠረተውና ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በተባለው የእርሻ ትምህርት ቤት ደጃፍ መኾኑ ነው። ዕውቀት አልጠፋም ነበር፤ ተመራማሪው ብሩክ ለማም በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህንን ሐይቅ በቢሾፍቱ አካባቢ ካለው ከሆራ ቂሎሌ ጋር አነጻጽረው በሰው እጅ የደረሰባቸውን ለውጥ አትተዋል። የጎደለው፣ በጥናት መጽሔት የተጻፈውን ነገር እያንዳንዱ ባለ ሞተርና እያንዳንዱ ባለ ቧንቧ የገዛ ታሪኩ አድርጎ እንዲሰማው የሚያደርግ ተራኪ ነበር፤ ሳይንስን የሚያከብር ልብ ወለድ ሊሞላው የሚገባው ክፍተትም ይኸው ነው።

ነገር ግን ሐረማያ ለዚህ የድርሰት ዐይነት ምስክር እንደ ኾነ ኹሉ ከሳሽም ነው። ልብ አንጠልጣይ ድርሰት ጠላት ይፈልጋል፤ ሩጫና ተንኰል፣ በመጨረሻው ምዕራፍም የሚጋለጥ ወንጀለኛ ያስፈልገዋል። በሐረማያ ግን ወንጀለኛ አልነበረም፤ ልጆቹን ለማሳደግ የሚስብ ገበሬና ለቡናዋ ውሃ የምትቀዳ የሐረር እናት እንጂ። በከተማዋ ታሪክ ውስጥም ተመሳሳይ ተግሣጽ አለ፤ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከተማይቱን ከውጭ ጦር ለመጠበቅ ቅጥሩን አሠርተው ሳለ፣ ራሳቸው ግን በ1567 እ.ኤ.አ. ገደማ በራብ ዘመን ከቅጥሩ ውስጥ በገባ ወረርሽኝ ሞቱ። ስለዚህ የጥፋት ልብ ወለድ ብዙ ጊዜ በሳይንሱ ሲታመን በጠላቱ የማይታመን ይኾናል፤ ጥፋቱን ኹሉ በአንድ ክፉ ኩባንያ ወይም በአንድ አምባ ገነን ጫንቃ ላይ ሲጭን፣ አንባቢውን ከሰንሰለቱ አውጥቶ ያሳርፈዋልና።

ከዚህ ድካም ለመዳን የሞከረ ሥራ በጎረቤታችን አለ። ኬንያዊቷ ዋኑሪ ካሂዩ በ2009 እ.ኤ.አ. በሠራችው «ፑምዚ» በተባለው አጭር ፊልም፣ ከውሃ ጦርነት 35 ዓመት በኋላ ሰዎች በተዘጋ ከተማ ውስጥ ላባቸውንና ሽንታቸውን አጣርተው ሲጠጡ እናያለን፤ አሻ የተባለችውም ሴት እርጥበት ያለው አፈር ባገኘች ጊዜ፣ የምክር ቤቱን ክልከላ ጥሳ ዘር ልትተክል ወደ ምድረ በዳው ትወጣለች። ገዢዎቹ ጨካኞች ቢኾኑም ለዓለሙ ድርቀት ብቻቸውን ተጠያቂ አልተደረጉም፤ የታሪኩም ውጥረት ያለው በአንዲት ጠብታ ውሃ አጠቃቀም ላይ ነው።

የሐረማያ ውሃ በቅርብ ዓመታት፣ ዝናብ ሲበረታና የዙሪያው ተዳፋት በእርከንና በችግኝ ሲጠበቅ፣ ወደ ስፍራው መመለስ ጀምሯል። ይህም ለደራሲ ከባድ ጥያቄ ያቀርብለታል፤ የጥፋትን ምክንያት ደረጃ በደረጃ መቍጠር የቻለ ብዕር፣ የመመለስንም ምክንያት በዚያው ጥንቃቄ መቍጠር ይገባዋልና፣ አለዚያ ተስፋውን እንደ ፍካሬው ከሚመጣ ንጉሥ ዘንድ ብቻ ይጠብቃል። መጪውን ዘመን የሚጽፍ የአማርኛ ደራሲም፣ የውጭውን ድርሰት ሩጫና ጠላት ከመዋስ ይልቅ፣ ክፋት የሌለባቸው ሺህ እጆች በአንድነት ሐይቅ የሚያደርቁበትን፣ እነዚያው እጆችም የሚመልሱበትን ታሪክ ልብ አንጠልጣይ ለማድረግ ቢደክም፣ ለሀገሩም ለሙያውም የሚተርፍ አዲስ መንገድ ይከፍታል።