የተውሶ አገር፣ የራስ ስንቅ

አንድ ድርሰት ከደራሲው እጅ ወጥቶ ከአንባቢው ልብ ከገባ በኋላ ባለቤቱ ማን ነው? ይህ ጥያቄ በሥነ ጽሑፍ ሂስ ውስጥ አዲስ አይደለም። ይሁን እንጂ በዘመናችን ጥያቄውን እንደገና ያነሡት ሐያስያን ሳይሆኑ አንባብያን ራሳቸው ናቸው። ሌላ ሰው የፈጠረውን ገጸ ባሕርይ ተውሰው፣ ታሪኩ ካቆመበት ቀጥለው፣ ወይም ደራሲው ዘግቶት ያለፈውን በር ከፍተው የሚጽፉ፣ የጻፉትንም ያለ አንዳች ክፍያ እርስ በርስ የሚያነቡ ሰዎች በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ናቸው። ጽሑፋቸው በእንግሊዝኛ አጠራሩ «ፋን ፊክሽን» ይባላል፤ እኛ እዚህ «የአድናቂዎች ድርሰት» እንለዋለን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአድናቂዎችን ድርሰት በጅምላ ማወደስም ሆነ ማውገዝ አይደለም። ልንመለከተው የምንሻው ሁለት ጠባዮቹን ነው፤ አንደኛው ጸሐፊዎቹን የሚያስተሳስራቸው የጋራ የትርፍ ጊዜ ሥራ ሲሆን፣ ሁለተኛው አይተውት ወደማያውቁት አገር የሚያደርጉት የምናብ ጉዞ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዚሁ ረገድ የፈጸመው ስሕተት ስላለ፣ ጽሑፉ ሂስ ብቻ ሳይሆን ግለ ሂስም መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ እንዲያውቀው ያስፈልጋል።

የእጅ ሥራና የልብ ማኅበር

ከጅምሩ እንነሣ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አርተር ኮናን ዶይል በ1893 ሼርሎክ ሆምስን በስዊዘርላንድ ከሚገኘው ከራይከንባህ ፏፏቴ ጥሎ ሲገድለው አንባብያን ሞቱን አሜን ብለው አልተቀበሉም። ደራሲውም ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1903፣ ጀግናውን በሕይወት መለሰው። አንባቢው በድርሰት ላይ ድምፅ እንዳለው ጎልቶ የታየበት አንዱ አጋጣሚ ይህ ነው። በ1967 ደግሞ «ስታር ትሬክ» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ አድናቂዎች በኒው ዮርክ «ስፖካናሊያ» የተሰኘ መጽሔት በራሳቸው እጅ አባዝተው አሠራጩ። የፈተና ወረቀት በስቴንስል ይባዛ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውሱ መምህራን የዚያን መጽሔት መልክ ለመገመት አይቸገሩም። በ2007 የተመሠረተ አንድ ለትርፍ ያልቆመ የአድናቂዎች ድርጅት በኢንተርኔት ያቋቋመው የድርሰት ማኅደርም በ2019 ሁጎ የተባለውን የታወቀ የሳይንስ ልብ ወለድ ሽልማት ለመቀበል በቅቷል። በእጅ ከተባዛው ወረቀት እስከ ሽልማቱ የነበረው ጊዜ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ብዙም የሚያልፍ አይደለም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። አድናቂዎችን አንድ የሚያደርጋቸው ድርሰቱ ብቻ አይደለም። አንዱ የጻፈውን ሌላው ፊደል በፊደል ያርምለታል፤ አንዷ የታሪኩን አገር ካርታ ስትስል፣ ሌላዋ «ዶክተር ሁ» በተባለው የእንግሊዝ ድራማ ጀግናው ከ1974 ጀምሮ ይለብሰው የነበረውን ረጅም የአንገት ልብስ ቀለም በቀለም ቆጥራ በእጇ ትሠራለች፤ ቶልኪን ለልብ ወለዱ የፈጠራቸውን ቋንቋዎች ሰዋስው ቁጭ ብለው የሚያጠኑም አሉ። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ «ዩልታይድ» በተባለ ልማድ፣ በየዓመቱ በፈረንጆች ገና ሰሞን እርስ በርስ ድርሰት በስጦታ ይለዋወጣሉ። አንዱ የሚወደውን ታሪክ ይጠይቃል፤ ሌላው ይጽፍለታል፤ እሱም በተራው ለሌላ ይጽፋል። በገበያ ሚዛን ሲመዘን ይህ ሁሉ ሥራ ዋጋ የለውም። ደቦን ለሚያውቅ፣ ተራ የሚደርስበትን የጽዋ ማኅበር ለሚያውቅ ኅብረተሰብ ግን የሥራው ትርጉም አይሰወርም። ሰዎች ብቻቸውን የሚሠሩት ሥራ፣ ማለትም ማንበብና መጻፍ፣ እዚህ የደቦ ሥራ ሆኗል።

ወደማይደርሱበት አገር

ከጋራ ሥራው የሚወለደው የጋራ ሕልም ነው። በ1968 የለንደን የሼርሎክ ሆምስ ማኅበር አባላት የድርሰቱን ዘመን ልብስ ለብሰው ጀግናው ወደቀበት ወደዚያ የስዊዘርላንድ ፏፏቴ ተጉዘዋል። ይህ ግን የመጓጓዣ ገንዘብና ፓስፖርት ያላቸው ሰዎች ዕድል ነው። አብዛኛው አድናቂ የሚጓዘው ከተቀመጠበት ሳይነሣ ነው።

ለዚህ ከጀርመን የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። ካርል ማይ ከወጣትነት ዘመኑ ብዙውን ዓመት በእስር ያሳለፈ ደራሲ ነው። ቪኔቱ የተባለውን የአፓቼ አለቃ ፈጥሮ ስለ ምዕራብ አሜሪካ በርካታ መጻሕፍት ሲጽፍ አሜሪካን አላያትም ነበር። የታሪኩ ጀግና እኔው ራሴ ነኝ እስከ ማለትም ደርሶ ነበር። በ1908፣ በሥልሳ ስድስት ዓመቱ፣ ወደ አሜሪካ ሲሄድም የጎበኘው ምሥራቁን ብቻ ነው፤ የጻፈለትን ምድር ሳይረግጥ በ1912 ሞተ። አንባብያኑ ግን ሕልሙን ተረከቡት። በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን መጻሕፍቱ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ባይታተሙም፣ ደራሲው በኖረባት በራደቦይል ከተማ በ1956 የተቋቋመው ክበብና እሱን የመሰሉ ሌሎች ክበቦች አባላት በትርፍ ጊዜያቸው የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ድንኳን ይተክሉ፣ ጫማቸውን በዶቃ ይጠልፉ፣ ታሪካቸውን ያጠኑ ነበር። ወደ አሜሪካ መሄድ ለእነሱ የማይታሰብ ነበር፤ ስለዚህ አሜሪካን በመርፌና በክር ሠሯት።

ይህን ስናደንቅ ሌላውን ገጽ መዝለል አይገባንም። የሕልሙ አገር ባለቤት አለው። በራደቦይል በካርል ማይ ስም በተቋቋመው ሙዚየም ውስጥ ከሰው ራስ የተገፈፈ ቆዳ ከነጸጉሩ ለትርኢት ተቀምጦ ነበር። በ2014 በሚሺጋን የሚኖር የኦጂብዌ ማኅበረሰብ ተወካዮች የአባቶቻችን አካል ይመለስልን ሲሉ ጠየቁ። ለሕፃናት የጀብዱ ማስታወሻ የነበረው ዕቃ ለእነሱ ያልተቀበረ ሬሳ ነበር። ከዚህ የምንረዳው፣ የምናብ ጉዞ በራሱ ጥፋት ባይሆንም፣ ተጓዡ በሄደበት አገር ሕያዋን ሰዎች መኖራቸውን ሲረሳ ጨዋታው ወደ ድፍረት እንደሚለወጥ ነው።

እኛም የሰው ሕልም ነበርን

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ግን ሌላ ነው፤ በዚህኛው የሕልሙ አገር እኛው ነንና። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ስለ አቢሲንያው ልዑል ስለ ራስላስ የሚተርክ ልብ ወለድ አሳተመ። ጆንሰን ኢትዮጵያን አላያትም። ዋና ምንጩ ፖርቱጋላዊው የኢየሱሳውያን ካህን ጀሮኒሞ ሎቦ የጻፈው የጉዞ ታሪክ ሲሆን፣ ይህንኑ መጽሐፍ ጆንሰን ራሱ በወጣትነቱ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 አሳትሞት ነበር። በልብ ወለዱ ውስጥ የንጉሡ ልጆች በአማራ ምድር፣ በተራራ በተከበበ የደስታ ሸለቆ ተዘግተው ይኖራሉ። ዘፈኑ፣ ማዕዱ፣ መናፈሻው አንዳች አይጎድልም። ራስላስ ግን ይሰለቻል፤ ከእኅቱ ከነቃያና ከባለ ቅኔው ከኢምላክ ጋር ተራራውን ሰርስሮ ያመልጥና ደስተኛ ሰው ፍለጋ ካይሮ ይወርዳል።

የታሪክ መምህር ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። መሳፍንቱ ይጋዙበት የነበረው ግሸንም ሆነ ከእሱ በኋላ የጎንደር ነገሥታት የተጠቀሙበት ወኅኒ አምባ የደስታ ሸለቆ አልነበረም፤ የኋለኛው ስም ዛሬም ወህኒ ቤት ባልን ቁጥር ከአፋችን አለ። ከእውነታ አንፃር ብቻ ቢመዘን ድርሰቱ በወደቀ ነበር። ነገር ግን ጆንሰን መጽሐፉን የጻፈው በዚያው ዓመት በጥር ወር እናቱ በሞቱበት ሰሞን ነው። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ቦዝዌል እንደሚነግረን፣ የቀብራቸውን ወጪ ለመሸፈን ሲል በአንድ ሳምንት ምሽቶች ጨረሰው። በመጽሐፉ ውስጥ ሐዘንን በጥበብ ድል መንሣት ይቻላል እያለ የሚያስተምር አንድ ፈላስፋ አለ። የገዛ ልጁ ስትሞትበት ትምህርቱ ሁሉ ከንቱ ይሆንበታል። ይህ ሐዘን ከአማራ ተራሮች የተቀዳ አይደለም፤ ከለንደን፣ ከጆንሰን ቤት የተጫነ ነው። አገሩ የተውሶ ነው፤ ስንቁ ግን የራሱ ነው።

ጆንሰን ታሪኩን ሳይቋጭ፣ አለመቋጨቱንም በመጨረሻው ምዕራፍ ርእስ ተናግሮ ተወው። ከ31 ዓመት በኋላ፣ በ1790፣ ኤሊስ ኮርኔሊያ ናይት የተባለች እንግሊዛዊት «ዲናርባስ» በሚል ርእስ ቀጣዩን ጻፈች። ዲናርባስ የሚባል ወታደር ፈጥራ እሱን ለነቃያ፣ እኅቱን ዚልያን ለራስላስ ዳረች፤ ልዑሉንም ወደ አገሩ መልሳ በዙፋኑ ላይ አስቀመጠችው። ይህ በዛሬ አጠራር የአድናቂ ድርሰት ከመሆን በቀር ሌላ ስም የለውም። በቅርፅ ረገድ የናይት ሥራ ከጆንሰን ያንሳል፤ እሱ በጥያቄ የተወውን እሷ በሠርግ ትዘጋዋለች። በይዘት ረገድ ግን በሰው ልጅ ፍለጋ መጨረሻ ያለው ተስፋ መቁረጥ ብቻ ነውን ብላ ታላቁን ደራሲ ትሞግተዋለች። ሙግቷ የአድናቆቷ ሌላ መልክ ነው። በዚያው በ1790 በ1769 ምጽዋ ገብቶ በጎንደር የተቀመጠው ጄምስ ብሩስ የጉዞ መጽሐፉን አሳተመ። በአንድ ዓመት ውስጥ በዓይን የታየችው ኢትዮጵያና የታለመችው ኢትዮጵያ ጎን ለጎን ከብሪታንያ አንባቢ እጅ ገቡ ማለት ነው። በኋላም ሲራክ ኅሩይ ራስላስን ወደ አማርኛ መለሰው፤ የሕልሙ አገር ልጆችም ሕልሙን በቋንቋቸው አነበቡት።

መዋስ ለእኛም እንግዳ ሥራ አይደለም። አለቃ ገብረ ሃና ካለፉ በኋላ የተፈጠረ ስንት ቀልድ በስማቸው ተነግሯል! የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔታችን የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሥራ የተነሣው ከፈረንሳዊው ከላ ፎንቴን ተረቶች ነው። ጎጃምን ረግጦ የማያውቅ ስንት አንባቢስ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» መሪነት ማንኩሳን ዞሮ ተመልሷል!

ግለ ሂስ

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ ክበብ በዳኝነት ተጋብዤ ነበር። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ወደ አማርኛ ተመልሰው በቴሌቪዥን ከሚታዩት የቱርክ ድራማዎች የአንዱን ቀጣይ ጽፋ አነበበች። ጀግናዋ በድራማው ውስጥ የሻይ ትሪ ይዛ ከመግባትና ከመውጣት በቀር ሚና ያልነበራት የቤት ሠራተኛ ናት። ተማሪዋ ስም ሰጠቻት፤ ከወጥ ቤቱ መስኮት የኢስታንቡልን ባሕር እንድታይ፣ የቀሯትን ወራት በግድግዳ ላይ እየጫረች እንድትቆጥር አደረገቻት። በሻንጣዋ ውስጥም በፌስታል የተቋጠረ በርበሬ አስቀመጠችላት።

እኔም አስተያየቴን እንድሰጥ ስጠየቅ ከበርበሬው ጀመርኩ። የኢስታንቡል ሠራተኛ በርበሬ ቋጥራ አትሄድም፤ «ልጄ፣ የማታውቂውን አገር ከምትጽፊ የሰፈርሽን ብትጽፊ ይሻልሻል» አልኳት። አዳራሹ ሳቀ፤ ተጨበጨበልኝ። እሷ ደብተሯን አጥፋ ተቀመጠች። ስንወጣ የአማርኛ መምህሯ ቀስ ብላ ጠጋ አለችኝና «ጋሼ፣ አስቀድሜ ሳልነግርዎ ቀርቼ እንጂ አክስቷ እኮ ዐረብ አገር ሰው ቤት ናት። ልጅቱን ያሳደገቻት እሷ ናት። እንዲህ ያለ ቤት ውስጡን ያየችው በድራማው ብቻ ስለሆነ ነው» አለችኝ።

በርበሬው ስሕተት አልነበረም፤ ስንቅ ነበር። ለጆንሰን ያልነሣሁትን ለእሷ ነሣኋት። በዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሂስ አገሩ ትክክል መሆኑን እንድመረምር እንጂ ተጓዧ ምን ተሸክማ እንደሄደች እንድጠይቅ አላሳሰበኝም፤ ወይም አሳስቦኝ እኔ አላደመጥኩም። ስለ አክስቷ በስሟ ጠርታ ለመጻፍ አቅሙም ድፍረቱም ያልነበራት ልጅ፣ የሌላ ሰው ድራማ ያንን በር ከፍቶላት ነበር። በሩን የዘጋሁባት እኔ ነኝ።

ከዚህ ተነሥተን ምን እንላለን? የአድናቂዎች ድርሰት ብዙ ድክመት አለበት። አብዛኛው የታወቀውን ይደጋግማል፤ ገጸ ባሕርያቱን ሌላው ደራሲ ስለሠራቸው ጸሐፊው ራሱ ሳይሠራቸው ያልፋል፤ የሰውን አገር እንደ ጌጥ የሚደረድርም አይጠፋም። ይህ ሁሉ ሊነገር ይገባል። መመዘኛችን ግን «አይተሽዋል ወይ?» የሚል የኬላ ጠባቂ ጥያቄ መሆን የለበትም። ጸሐፊው ከቤቱ ይዞት የሄደው ስንቅ ምንድን ነው? በደረሰበትስ አገር ያሉትን ሰዎች ሰው አድርጎ አይቷቸዋል ወይ? በእነዚህ በሁለቱ ሲመዘን የራደቦይል ድንኳን ከግማሽ በላይ ያልፋል፤ ሙዚየሙ ግን ይወድቃል። የዚያች ተማሪ ደብተርም ያለ ጥርጥር ያልፋል።

በየትምህርት ቤቱ ያሉ የሥነ ጽሑፍ ክበባት ከግድግዳ መጽሔታቸው አንድ ዓምድ ለቀጣይ ድርሰት ቢከፍቱ፣ መምህራንም ተማሪው ከሚወደው መጽሐፍ ወይም ድራማ ትሪ ይዛ ብቻ የምታልፈውን ሰው መርጦ ያየችውን እንዲጽፍ ቢያዙ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ስለ ገዛ ሰፈራችን የማናውቀውን ብዙ ነገር እንደምናነብ አልጠራጠርም።

ልጅቱ ከዚያን ቀን ወዲህ በክበቡ እንዳላነበበች ሰምቻለሁ። ይህ መጽሔት ከትምህርት ቤቷ ቤተ መጻሕፍት ይደርስ ይሆናል። ደብተሩን ያሳጠፍኳት እኔ ነኝና፣ ክፈቺው የማለት ዕዳም የእኔ ነው።