የተውሶ ልብስና የራስ ስም

ፈረንሳዊው ሊቅ ሚሼል ሌሪስ ስለ ጎንደር ዛር በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሚኖሩትን ቴአትር ከሚጫወቱት ለይቶ ያያል። ይህ ክፍፍል ዛሬ በቲክቶክ የእናታቸውን ሻሽ አስረው እንደ ሴት የሚናገሩትን ወንዶች ለመመርመር ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ዋናው ጥያቄ የተጫዋቹ እምነት ሳይሆን፣ ለድርጊቱ ተጠያቂው ማን ነው የሚለው ነውና።

ዊልያም ሻክ በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ጉራጌ የጻፈው በዚህ ረገድ ይበልጥ ያስተምራል። «አውሬ» የተባለው መንፈስ የያዘው ዝቅተኛ ወንድ ነጭ ልብስ ተከናንቦ፣ በቅቤ የራሰ የእንሰት ምግብ ተስገብግቦ ይበላል፤ «ጠገብሁ» የሚለውም መንፈሱ ነው። በጨዋ ደንብ ነውር የሆነውን ስስት መንፈሱ ይሸከምለታል።

በውጭ አገር ስለ «ድራግ» ተጫዋቾች የሚጽፉ ሰዎች፣ በራስ ስም ለተከታይ መገለጥን የነጻነት ምልክት ያደርጉታል። አውሬ ያደረበት ሰው ግን የሚሻውን የሚያገኘው በሌላ ስም ነው። ቀድሞ በአዲስ አበባ መድረክ ሴት ሆነው የተጫወቱ ወንዶችም ቢሆኑ (ተዋናዮቹ ሴቶች ገና አልመጡም ነበር) የደራሲው ድርሰት ጥላ ሆኗቸዋል።

በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ በስልኩ ፊት የሚቆም ወጣት መንፈስም ድርሰትም የለውም። ቀልድ እስከ ሆነ ድረስ ይሣቅለታል፤ «ይህ እኔ ነኝ» ቢል ግን ሣቁ ወደ ክስ ይዞራል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የሚከለክለው በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚደረግ ግብረ ሥጋን እንጂ ልብስን አይደለም። የሰፈር ፈራጅ ይህን ልዩነት አይጠይቅም።