ውሻውም ሞተ፣ በሽታውም አለ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስኖር የሰፈራችን ጥበቃ ቡቺ ነበረች። ባለቤቷ መንደሩ ነው። ከሥጋ ቤቱ አጥንት፣ ከየጓዳው ፍርፋሪ እየበላች፣ ሌሊት ከእንጦጦ በሚወርደው ጅብ ላይ ስትጮህ ታድራለች። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? ቡቺ የበላችበት ቤት ብዙ ስለነበር የምትጮኸውም ለሁላችን ነበር።

አንድ ማለዳ አራት ውሾች መንገድ ዳር ተዘርረው አገኘን። አንዷ ቡቺ ናት። እግሮቿ እንደ እንጨት ደርቀዋል፤ አፏ አረፋ ደፍቋል።

«ሌሊት ሥጋ ሲጥሉ ነበር» አለ የሥጋ ቤቱ ዘበኛ።

«እነማን?»

«እነሱ ናቸዋ!»

በእኛ አገር «እነሱ» ከተባለ ወዲያ ጥያቄ የለም።

ለዚህ ሥራ የታወቀው መርዝ ስትሪክኒን ይባላል። እንስሳው ራሱን ሳይስት ጡንቻው ይኮማተራል፤ በመጨረሻ መተንፈስ አቅቶት ይሞታል። ሬሳውን የበላ ጅብና ጥንብ አንሳም ሊመረዝ ይችላል። ከተማችንን በነፃ የሚያጸዱልንንም አብረን እንገድላለን ማለት ነው።

«ታዲያ ልጆቻችን ይነከሱ?» የሚለኝ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ከሞት የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ እንደሚለው ውሻ መግደል በሽታውን አያቆመውም፤ ከውሾቹ 70 በመቶውን መከተብ ግን ያቆመዋል። የተከተበ ውሻ ሰፈሩን ይዞ ይኖራል። እሱን ስትገድሉት ቦታውን ያልተከተበ ይወርሰዋል።

ውሻውን ባለመከተባችን ዕዳ የከፈለ ሌላም እንስሳ አለ። «እገሌ ፓስተር ሄዶ ሆዱ ላይ 14 መርፌ ተወጋ» ሲባል እየሰማን አደግን። መድኃኒቱ ከምን እንደሚሠራ ስንቶቻችን ጠየቅን? አገራችን ለብዙ ዓመታት የተጠቀመችበት ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ነበር። ጤነኛው በግ ቫይረሱን አንጎሉ ውስጥ ይወጋል፤ ሲታመም ይገደላል፤ አንጎሉ ወጥቶ፣ ቫይረሱ በኬሚካል ተገድሎ ክትባት ይሆናል። የስንቱን ሕይወት እንዳተረፈ አልክድም። ግን አልፎ አልፎ የተከተበውን ሰው ሽባ እስከ ማድረግ ይደርስ ስለነበር፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲቀር ሲመክር ቆይቷል። እንግዲህ ውሻው ሳይከተብ ይመረዛል፤ ሰው ሲነከስ ደግሞ በጉ ይታመምለት ነበር።

በ2003 እ.ኤ.አ. በሽታው በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮን ሲፈጅ ባለሙያዎች ቀበሮዎቹን ከተቡ። እንመርዛቸው ያለ አልነበረም። ብርቅ ናቸዋ! የመንደር ውሻ ብርቅ ባለመሆኑ መርዝ ይገባዋል?

ቡቺ በሞተች በሳምንቱ ከላይ ከተራራው በኩል ሦስት የማናውቃቸው ውሾች መጥተው ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ተኙ። ተከትበው ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም። ልጆቻችን ግን በአጠገባቸው እያለፉ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር።