ሽማግሌዎች የሚመክሩበት ዛፍ ሥር ማን ይቀመጥ? የሶማሌ ሄር በፕራግማቲዝም ሚዛን

ብሪታንያዊው አንትሮፖሎጂስት አይ. ኤም. ሉዊስ በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የሰሜን ሶማሌ አርብቶ አደሮችን ሥርዓት ዴሞክራሲ ብሎ ሰይሞታል። በሶማሌ ክልል በፋፈንና በሲቲ ዞኖች ያለው፣ ሄር የሚባለው ልማዳዊ ሕግም ከዚያው ሥርዓት ይቀዳል፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ክርክሩን ይሰማሉ፣ ስምምነት እስኪደረስም ይመክራሉ። በኢሳ ጎሳ ዘንድ ኡጋዝ የሚባለው የበላይ መሪ ክብር ቢኖረውም ከምክክሩ በላይ አይደለም። ዩኔስኮ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሄር ኢሴን፣ ማለትም የኢሳዎችን ልማዳዊ ሕግ፣ በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ የጋራ ስም በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቧል። ይሁንና ቅርስ መሆንና ፍትሐዊ መሆን ለየብቻ ሊመዘኑ ይገባል።

ለዚህ ምዘና የአሜሪካዊው ፈላስፋ የጆን ዱዊ ፕራግማቲዝም ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ዱዊ በ1927 እ.ኤ.አ. እንደተከራከረው፣ ሕዝብ የሚባለው አካል የሚፈጠረው የጥቂቶች ስምምነት በስምምነቱ ውስጥ ያልነበሩትን ሲነካ ነው። ስለዚህ አንድ ተቋም የሚለካው በምንጩ ሳይሆን በሚያስከትለው ውጤትና ውጤቱ የሚደርስባቸው ሰዎች በሚኖራቸው ድምፅ ነው። ሄር የፈተናውን ግማሽ ያልፋል፤ ውሳኔው በክርክር ይደረሳል፣ አዲስ ጉዳይ ሲገጥምም ሕጉ ይሰፋል። ሁለተኛው ግማሽ ላይ ግን ይሰናከላል። በልማዱ ለተገደለ ወንድ 100 ግመል፣ ለሴት ደግሞ 50 ይከፈላል፤ ሴቷ ጉዳይዋ ሲታይ የምትወከለው በወንድ ዘመዷ ነው። በጅግጅጋ፣ በቀብሪ በያህና በቶጎ ውጫሌ ከጎሳዎቹ ውጪ የሆኑ ነጋዴዎች፣ ሠራተኞችና ስደተኞች ይኖራሉ፤ በጎሳዎች መካከል በሚደረግ ውል ላይ በቆመው ሄር ግን የእነሱን ጥቅም ይዞ የሚሟገት ወገን የለም።

የዱዊ መለኪያ የባዕድ መስፈርት ነው የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። መስፈርቱ ግን ከሄር ውስጥም ይገኛል፤ የሄር ሥልጣን የሚመነጨው ከተዋዋዮቹ ፈቃድ ነውና፣ ያልተጠየቀን ሰው ማስገደድ የራሱን መሠረት መቃወም ይሆናል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34(5)ም በልማዳዊና በሃይማኖታዊ ሕግ የሚታዩ የግልና የቤተሰብ ክርክሮችን በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ላይ ያቆማል። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፦ ስምምነቱ የሚጸናው ካሳውን የሚከፍለው ጎሳ ስለሚሸከመው ነው፤ ከፋይ ያልሆነ ሰው ቢገባ ውሳኔው ይላላል። ነገር ግን ካሳ መክፈልና መደመጥ ሁለት ነገሮች ናቸው። ካሳው በዘመድ ላይ እንደቆየ፣ ሴቶችና ጎሳ የሌላቸው የከተማ ነዋሪዎች በራሳቸው አንደበት እንዲመሰክሩና እንዲከራከሩ ማድረግ ይቻላል። ይህን መወሰን የሽማግሌዎቹ ሥራ ነው፤ ሄርም ሕያው ሕግ መሆኑን የሚያረጋግጠው አንድ ጊዜ በተመዘገበበት መልኩ በመቆየት ሳይሆን፣ ውሳኔው የሚጎዳቸውን ሰዎች ለመስማት ራሱን በማስፋት ነው።