ባለጎማዋ መጥረጊያ

ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ ውሎ፣ ቅዳሜ በማለዳ ባልዲውን አንጠልጥሎ የሰው መስኮት ሊያጸዳ የሚወጣ ሰው ደስ ይለኛል። ደመወዙ ከወር ወር አላደርስ ብሎት ይሆናል፤ ይህ ሥራ ግን ብዙ መነሻ ገንዘብ አይጠይቀውም። ባልዲ፣ ጨርቅ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ መሰላል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያቺ ባለጎማ መጥረጊያ።

ዛሬ በምናውቃት መልክ የሠራት ከጣሊያን ተሰድዶ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ የኖረው መስኮት አጽጂ ኤቶሬ ስቴኮኔ ነው፤ ዘመኑም 1936 እ.ኤ.አ.። ከእርሷ በፊት የነበረው መጥረጊያ ከባድ ብረት ነበር። እርሱ ቀለል ያለ ናስ ላይ አንዲት ስስ ጎማ ብቻ አስቀረ። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስበው ሥራውን በእጁ የሚያውቅ ሰው ነው።

የለመደ እጅ ሲይዛት ማየት ነው! ሳሙናው ሳይደርቅ ከላይኛው ጥግ ትነሣና፣ እንደ እባብ ግራና ቀኝ እየተጥመለመለች፣ ከመስታወቱ ሳትላቀቅ እስከ ታች ትወርዳለች። በየመሀሉ ጎማዋን በጨርቅ ማበስ ግድ ነው፤ ያለዚያ መስመር ትተዋለች። ፀሐይ ስትበረታማ ውኃው ቶሎ ስለሚደርቅ ባይጀመር ይሻላል፤ ማለዳው የተመረጠውም ለዚህ ነው። ደንበኛው «በሚቀጥለው ወርም ና» ካለው፣ ሁለተኛው ገቢ ሥር ያዘ ማለት ነው።