«ማሰራጨት» ወይስ «ማሰማራት»?

አንዳንድ ተርጓሚዎች «ዲፕሎይመንት» የተባለውን የኮምፒዩተር ቃል «ማሰራጨት» ብለውታል። ማሰራጨት አንዱን ነገር ለብዙዎች ማዳረስ ስለሆነ፣ ይህን የሚያነብ ተማሪ ፕሮግራሙን ለተጠቃሚዎች እንዲያድል የታዘዘ ይመስለዋል። በጃቫ የተጻፈ የድር አገልግሎት ግን በአገልጋይ ኮምፒዩተር ላይ ስፍራ ይዞ ሥራ ይጀምራል። «ዌብ ነጥብ ኤክስኤምኤል» የተባለው የውቅር ፋይልም የትኛው የፕሮግራም ክፍል የትኛውን አድራሻ እንደሚያስተናግድ ይደነግጋል እንጂ ቅጂ አያድልም።

ነገሩን በአገራችን ምሳሌ ብንመለከተው፣ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ መድረሱን ማንም «ስርጭት» አይለውም። የደቡብ ጎንደር ገበሬ ከብቱን ወደ መስክ፣ የጦር አዛዥም ሠራዊቱን ወደ ግንባር «ያሰማራል»፤ ሁለቱም ስፍራና ተግባር ይመድባሉ። ስለዚህ ለድርጊቱ «ማሰማራት»፣ ለፋይሉም «የማሰማሪያ መግለጫ» የተሻሉ ስያሜዎች መሆናቸውን እናምናለን።